በሽታ አምጪው እርሾ በውስጡ ስለ ደበቀው ቀይ ብርሃን

አንባቢ ሆይ፣ እርሾ የሚለውን ቃል ስትሰማ በመጀመሪያ ትዝ የሚልህ የሊጥ ቡሃቃ ወይም የጠላ ጋን እንደሚሆን አልጠራጠርም። እኔም ተማሪዎቼን ስለዚህ ነገር ሳስተምር የምጀምረው ከዚያው ነው። ነገር ግን እርሾ ሁሉ ሊጥ የሚያቦካና ጠጅ የሚያፈላ ወዳጅ አይደለም። ከዘመዶቹ መካከል በሰው አፍና በአንጀት፣ በሴቶችም ብልት ውስጥ ኪራይ ሳይከፍል የሚኖር አንድ ደባል አለ፤ ስሙም ካንዲዳ አልቢካንስ ይባላል። ጤነኛ ሰው ምንም ሳይሰማው ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ሊኖር ይችላል። ባለቤቱ ሲደክም ግን፣ ማለት ስኳር ሲበዛበት፣ ወይም የሰውነቱ መከላከያ በኤች አይ ቪ ወይም በካንሰር መድኃኒት ሲዳከም፣ ወይም ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ለብዙ ቀን ወስዶ ጎረቤቶቹ ባክቴሪያዎች ሲያልቁለት፣ ደባሉ ቤቱን ልውረስ ይላል። በምላስና በላንቃ ላይ እንደ እርጎ ቅንጣት ነጭ ሆኖ ይለጠፋል። ወደ ደም የገባ እንደ ሆነ ደግሞ ሰው ይገድላል።

ዛሬ የምነግርህ ግን ስለ በሽታው ብቻ አይደለም። ይህ እርሾ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ፣ ማንም ሳይሰጠው፣ ብርሃን ሲያርፍበት በራሱ ላይ እሳት የሚሆን ነገር ይሠራል። የሳይንስ ሰዎች ይህን ነገር ለይተውና መዝነው በቍጥር ለመጻፍ ብዙ ይደክማሉ። «በጨለማ ክፍል ተቀምጦ፣ በዓይን በማይታይ እርሾ ውስጥ ያለውን ቀለም መመዘን ምን ይረባል?» ትል ይሆናል። ይህንኑ ጥያቄ ከቤተ ዘመድ ተጠይቄዋለሁና ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በጀርመን አገር፣ በሙኒክ ከተማ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር እጽፋለሁ።) በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ኦስካር ራብ የሚባል የሕክምና ተማሪ፣ ሄርማን ፎን ታፓይነር በሚባለው መምህሩ ዘንድ ሆኖ፣ አክሪዲን የተባለው ቀለም ፓራሜሲየም የሚባሉትን የኩሬ ነፍሳት በምን ያህል ጊዜ እንደሚገድል ይመረምር ነበር። ቀለሙ ያው ነው፤ ነፍሳቱም ያው ናቸው፤ ሆኖም አንድ ቀን ቶሎ ይሞታሉ፣ ሌላ ቀን ይቆያሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራዬ ተበላሸ ብሎ ጠርሙሱን በደፋው ነበር። ራብ ግን ነጐድጓድ ሆኖ የብርሃኑ ነገር በተለወጠበት ቀን ውጤቱም አብሮ መለወጡን አስተዋለ ይባላል። ገዳዩ ቀለሙ ብቻውን ሳይሆን ቀለሙና ብርሃኑ ተባብረው መሆናቸውን በ1900 ዓ.ም. አሳተመ። ታፓይነርም ኋላ ኦክሲጅን ሦስተኛው ተባባሪ መሆኑን አሳየ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ስሰማ የሰው ልጅ ድፍረት ያስደንቀኛል። በ1912 ዓ.ም. ፍሪድሪኽ ማየር ቤትስ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም፣ ሄማቶፖርፊሪን የተባለውን ከደም የሚገኝ ነገር 0.2 ግራም ያህል አሟምቶ በገዛ ደም ሥሩ ውስጥ ወጋው። ከዚያም ወደ ፀሐይ ወጣ። ፊቱና እጁ አብጦ ሌላ ሰው መሰለ፤ ፀሐይን መፍራቱም ለብዙ ሳምንታት አልለቀቀውም። በኛ አገር ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ «ምች መታው» ብሎ ዳማከሴ ፍለጋ በሮጠ ነበር። የሱ ግን ከምችም የተለየ ነው፤ ቀለሙ ከሰውነቱ እስኪወጣ ድረስ ቅጠል የሚያድነው አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ፖርፊሪን የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ስሙ የመጣው ሐምራዊ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። አራት ትንንሽ ቀለበቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው አንድ ትልቅ ቀለበት ሲሠሩ ፖርፊሪን ይሆናሉ። በመካከሉ ብረት ቢቀመጥበት ደማችንን ቀይ የሚያደርገው ሄም ይሆናል፤ ማግኒዥየም ቢቀመጥበትና ጥቂት ቢለወጥ ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ይሆናል። ጎመንና ደም በዚህ በኩል የአጎት ልጆች ናቸው ማለት ነው። እርሾም ለመተንፈስ ሄም ያስፈልገዋልና በስምንት እርምጃ ይሠራዋል። በመጨረሻው እርምጃ ላይ ብረቱ ይገባል። ብረቱ ከመግባቱ በፊት ያለው ፕሮቶፖርፊሪን ዘጠኝ የሚባለው ነው፤ አደገኛውም እሱ ነው። ብረት የገባበት ሄም ብርሃን ቢያገኘው ምንም አያደርግም፤ መካከሉ ባዶ የሆነው ግን ወደ 405 ናኖሜትር የሚጠጋውን ወይን ጠጅ ብርሃን አጥብቆ ይውጣል። ይህን የመዋጥ ጠባይ በ1883 ዓ.ም. በደም ላይ ያየው ዣክ ሉዊ ሶሬ የሚባል የስዊስ ሰው ነበር፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የዋጠውን ኀይል ከፊሉን ወደ 635 ናኖሜትር በሚጠጋ ቀይ ብርሃን መልሶ ይተፋዋል፤ ከፊሉን ደግሞ በአጠገቡ ላለው ኦክሲጅን ያቀብለዋል። ኀይሉን የተቀበለው ኦክሲጅን እንደ ተቆጣ ንብ ነው፤ ያገኘውን ቅባትና ፕሮቲን ሁሉ ይነድፋል፤ እርሾውም ከውስጥ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ቤተ ዘመዱ ጥያቄ ልመለስ። አክስቴ የስኳር በሽተኛ ናት። ባለፈው ዓመት አፏ ውስጥ ይህ ነጭ ነገር ወጣባትና በርበሬ መቅመስ አቃታት፤ ወጥ የማይበላበት ቤት ደግሞ ምን ያህል እንደሚያሳዝን አንተው ታውቃለህ። ልጇ በስልኩ አንድ ማስታወቂያ አገኘ፤ አፍ ውስጥ የሚያበሩት ሰማያዊ መብራት ነው፤ «ያለ መድኃኒት ፈንገስን ይገድላል» ይላል። ዋጋው የአክስቴን የሁለት ወር ጡረታ የሚያክል ነበር።

«አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ይህን ነገር እየው» አለችኝ። «ጥርስ ሐኪም ቤት ካለው መብራት ጋር አንድ ነው አሉኝ። ከገዛሁት በኋላ ምነው ባልጠየቅሁት ብዬ እንዳልቆጭ።»

ልጇም ቀበል አድርጎ፣ «ሰማያዊ ብርሃን ካንዲዳን መግደሉ ውሸት ነው እንዴ?» አለኝ።

ውሸት አለመሆኑ ነው ችግሩ። ፈጽሞ ውሸት ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። እኔም ወደ ሻጩ ደወልሁና «ሞገዱ ስንት ናኖሜትር ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሰማያዊ ነው፣ ጌታዬ» አለኝ። «ኀይሉስ በስኩዌር ሴንቲሜትር ስንት ሚሊዋት ነው?» አልሁት። «ኀይለኛ ነው» አለኝ። ሰውዬውን አልቀየምሁትም፤ ትሕትናው ያስደስታል። ነገር ግን ሰማያዊ የሚለው ቃል ለነጠላ ጥለት ይበቃ እንደ ሆነ እንጂ ለዚህ ጉዳይ አይበቃም። የጥርስ ሐኪም መብራት 470 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የተሠራውም የጥርስ መሙያውን ለማጠንከር ነው። ፖርፊሪኑ የሚወደው 405 ነው። በቍጥር 65 ብቻ ይለያያሉ፤ በፖርፊሪኑ ዓይን ግን የቀንና የምሽት ያህል ናቸው።

ከመብራቱም ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላው ወገን ነው፤ በእርሾው ውስጥ ያለው ፖርፊሪን ስንት ነው? ብርሃኑ ክብሪት ነው፤ ፖርፊሪኑ ጭድ ነው። ጭዱ ምን ያህል እንደ ሆነ ሳታውቅ ክብሪቱን ብትጭር ምን እንደሚነድ አታውቅም። መለካት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። እርሾውን ሳቡሮ በሚባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም በተሰየመው ምግብ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያሳድጉታል። ከዚያ በጨው ውኃ ደጋግመው ያጥቡታል፤ በሚሽከረከር መሣሪያም ያዘቅጡታል። ማጠቡ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይመስልህ። እርሾው ያደገበት ምግብ ራሱ ብርሃን ሲያገኘው ይፈካል። ጤፍ ስትገዛ ነጋዴው ጆንያውን ከጤፉ ጋር መዝኖ ቢያስከፍልህ ዝም ትላለህን? እነሱም እርሾ የሌለበትን ምግብ ለብቻው ለክተው የጆንያውን ክብደት ይቀንሳሉ።

ቀጥሎ ሕዋሱን መስበር አለ፤ ይህም ቀላል አይደለም። የካንዲዳ ግድግዳ ኪቲን አለበት፤ ኪቲን የአንበጣን ልብስ የሚያጠነክረው ነገር ነው። ስለዚህ ከጥቃቅን የመስታወት እንክብሎች ጋር አድርገው አጥብቀው ይንጡታል፤ ወይም በአሲድና በአልኮል ያሟሙታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው መብራቱ በደበዘዘ ክፍል ነው፤ ብልቃጦቹም በአሉሚኒየም ወረቀት ይጠቀለላሉ። የሚለካው ነገር ብርሃን ሲያገኘው ራሱም ይጠፋልና። ሊቆጥሩት የመጡትን ገንዘብ በቆጠራው ላይ እንደ ማቃጠል ያለ ነው።

ከዚያ የወጣውን ፈሳሽ በመሣሪያው ውስጥ አስገብተው በ405 ያበሩበታል፤ ከ600 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ቀይ ምላሽ ያነባሉ። መሣሪያው የሚሰጠው ቍጥር ግን ገና ክብደት አይደለም። ክብደቱ የታወቀ ንጹሕ ፕሮቶፖርፊሪን ወስደው፣ በተለያየ መጠን አቅጥነው፣ ለያንዳንዱ የሚወጣውን ቍጥር በወረቀት ላይ ነጥብ አድርገው መስመር ያሰምራሉ። የእርሾው ቍጥር ከዚያ መስመር ጋር ተስተያይቶ ወደ ናኖግራም ይለወጣል። አንድ ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው። ይህም ለስንት እርሾ እንደ ሆነ ካልተነገረ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ «በአንድ ሚሊግራም ፕሮቲን ይህን ያህል ናኖግራም» ወይም «በዚህን ያህል ሕዋስ» ብለው ይጽፉታል። እዚህ ላይ አንተን የምመክርህ አንድ ነገር ቢኖር፣ ማካፈያው ያልተጻፈበት ቍጥር ስታይ ወረቀቱን አስቀምጠህ ሻይህን መጠጣት ነው።

ወጥመዱ ደግሞ ብዙ ነው። በእርሾው ውስጥ ፍላቪን የሚባል ሌላ ብርሃን ወዳድ ነገር አለ። ዘመዱ ቪታሚን ቢ2 ነው፤ ወተት ፀሐይ ላይ ሲቆይ ጣዕሙን የሚያበላሸውም እሱው ነው። ወደ 450 ናኖሜትር የሚጠጋ ብርሃን ውጦ አረንጓዴ ይመልሳል። ጭራው ወደ ቀዩ ስለሚዘልቅ ትንሽ ፖርፊሪን ብዙ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል። ሁለተኛው፣ ፈሳሹ ሲወፍር ፖርፊሪኑ ራሱ የራሱን ብርሃን እየዋጠ ከእውነቱ ያነሰ ይታያል፤ ስለዚህ አቅጥኖ ደግሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ሦስተኛው፣ ብረት ሲጎድል በብረቱ ወንበር ላይ ዚንክ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ቀዩ ብርሃን ወደ 590 ግድም ይሸሻል። በጠንካራ አሲድ የጨመቅኸው እንደ ሆነ ደግሞ ዚንኩ ወልቆ ይወጣና እንደ ነበረ እንኳ አታውቅም። እኔ ይህን ሳነብ የመዝገብ ቤት ሥራ ትዝ ይለኛል፤ ፋይሉ አለ፣ ቍጥሩ ግን ሌላ መደርደሪያ ላይ ነው።

ስለዚህ ጥንቁቆቹ መርማሪዎች ፖርፊሪኖቹን በዓይነት ይለያዩዋቸዋል። ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊት፣ በጥሩ ዱቄት በተሞላ ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ይነዱታል። ስምንት የአሲድ ጅራት ያለው ኡሮፖርፊሪን ውኃ ስለሚወድ ቀድሞ ይወጣል፤ አራት ያለው ኮፕሮፖርፊሪን ይከተላል፤ ሁለት ብቻ ያለው ፕሮቶፖርፊሪን መጨረሻ ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ በወጣበት ደቂቃ ይታወቃል። ከዚህም በላይ የታወቀ መጠን ያለው ፖርፊሪን ሆን ብለው በእርሾው ላይ ጨምረው ስንቱ እንደ ተመለሰ ያያሉ። 100 ሰጥተህ 80 ከተመለሰልህ፣ 20ው በመንገድ እንደ ቀረ አውቀህ ሒሳብህን ታስተካክላለህ።

እንዲህ ተለፍቶ የሚገኘው ቍጥር ትንሽ ነው። ካንዲዳ ሳይረዱት በራሱ የሚሠራው ፖርፊሪን ጥቂት ነው። አካሉ ደግሞ ትልቅ ነው፤ አምስት ማይክሮሜትር ስፋት ያለው እርሾ አንድ ማይክሮሜትር ካለው ባክቴሪያ ጋር ሲተያይ በይዘት 125 ጊዜ ይበልጠዋል፤ አምስትን በአምስት ሁለት ጊዜ አባዛውና ታገኘዋለህ። ስለዚህም ፈንገሶች በጠቅላላው ከባክቴሪያዎች ይልቅ ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ፤ ካንዲዳን በሙከራ ላይ ለመግደል በስኩዌር ሴንቲሜትር ከአሥሮች እስከ መቶዎች የሚቆጠር ጁል ይፈጃል። በስኩዌር ሴንቲሜትር 10 ሚሊዋት የሚሰጥ መብራት በአሥር ደቂቃ የሚያወጣው 6 ጁል ብቻ ነው። አክስቴ አፏን ከፍታ ስንት ሰዓት ልትቀመጥ ነው?

ይህም ይቅር፤ ትዕግሥት አላት እንበል። ትልቁ ነገር ገና አልተነገረም። እርሾ ባክቴሪያ አይደለም፤ በአፈጣጠሩ ለኛ የቀረበ ዘመድ ነው። ሄም የሚሠራበት መንገድ ከኛ ጋር በብዙው አንድ ነው፤ ብረቱ የሚገባበትም ክፍል ሚቶኮንድሪያ፣ በኛም በሱም ውስጥ አለ። ስለዚህ ብርሃኑ የሚያቃጥለው ጭድ በአክስቴ ላንቃ ሕዋሳት ውስጥም ይገኛል። የፈንገስ መድኃኒት ዓይነቱ ጥቂት የሆነበትም ምክንያት ይኸው ዝምድና ነው። በላቦራቶሪ ካንዲዳ ከሰው ቆዳ ሕዋስ ቀድሞ የሚሞትበት የብርሃን መጠን ታይቷል፤ ይህ ተስፋ ነው። ነገር ግን ተስፋው የቆመው በሁለቱ መጠን ልዩነት ላይ ነው፤ ልዩነቱንም የሚነግርህ ሚዛን እንጂ ማስታወቂያ አይደለም።

መርማሪዎቹ የሚደክሙትም ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በጣም የሚያሰጉ 19 ፈንገሶችን ስም ዝርዝር ሲያወጣ፣ ከአራቱ ከፊተኞቹ ሁለቱ ካንዲዳዎች ነበሩ፤ አልቢካንስና አውሪስ። አውሪስ በ2009 ዓ.ም. በጃፓን ከአንዲት ሴት ጆሮ ተገኝቶ ስም የወጣለት ነው፤ ብዙ መድኃኒት አይበግረውም። ብርሃን መድኃኒት ቤት የማይጨርሰው ነገር ስለ ሆነ፣ መጠኑ በትክክል ከታወቀ ለቁስልና ለቆዳ ይጠቅም ይሆናል። አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ የሚባለውን መነሻ ነገር ለእርሾው ቢያበሉት ፖርፊሪኑን አብዝቶ እንደሚሠራም ታውቋል። ጠላትህን ጭድ አስበልተህ ክብሪት እንደ መጫር ነው።

አክስቴን መብራቱን አትግዢ አልኋት። ሐኪሙ የሚመጠጥ ኒስታቲን አዘዘላት፤ ስኳሯንም እንድትቈጣጠር አስጠነቀቃት። ኒስታቲን ኤልሳቤጥ ሄዘንና ራሄል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያት ከአፈር ውስጥ ካገኙት ተሐዋሲ አውጥተው በ1950 ዓ.ም. ያሳወቁት መድኃኒት ነው፤ ስሙንም ከኒው ዮርክ ግዛት ስም አወጡለት። ነጩ ነገር በሁለት ሳምንት ለቀቃት። በክረምት፣ ስኳሯ ከፍ ባለ ጊዜ፣ ጥቂት ተመልሶ መጥቶ ነበር። ልጇ እስከ ዛሬ በኔ ላይ ቅር እንዳለው ነው፤ መብራቱ ተሞክሮ አላየውምና አልፈርድበትም።

ለተማሪዎቼ ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብጽፍላቸው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ትምህርት ቤታችን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ የለውም፤ ካንዲዳም በክፍል ውስጥ አይራባም። ነገር ግን የቡናማ እንቁላልን ቅርፊት የሚያቀልመው ያው ፕሮቶፖርፊሪን ነው። ስለዚህ ባለሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ትንሽ መብራት ተውሼ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድሁና (መብራቱን በዓይናችሁ አትዩ ብዬ አስጠንቅቄ) በእንቁላሉ ላይ አበራሁበት። እንቁላሉ እንደ ፍም ቀላ። ከኋላ ወንበር የሚተኙት ሳይቀሩ ተነሥተው መጡ።

ከዚያ የሌላ ቡናማ እንቁላል ግማሽ ወገን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልለን በመስኮት ላይ ለፀሐይ አሰጣነው። በሳምንቱ ወረቀቱን ገልጠን በጨለማ ስናበራበት የተሸፈነው ወገን እንደ ቀላ ነበር፤ ፀሐይ የመታው ግን ደብዝዟል። አንዲት ተማሪ በደብተሯ ላይ «ደበዘዘ» ብላ ጽፋ አሳየችኝ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ በአጠገቡ «በስንት?» ብዬ ጻፍሁበት። አሁን እሷና ሁለት ጓደኞቿ ቀዩን ቀለም በተለያየ መጠን በውኃ አቅጥነው በወረቀት ላይ ከአንድ እስከ አሥር ደረጃ አዘጋጅተዋል፤ ሌላ እንቁላልም መስኮቱ ላይ ተሰጥቷል።